የመጋዘን ዘበኛ ኑዛዜ

አባ፥ ይፍቱኝ።
ጥርሴ አልነካውም፤ ምላሴም አልቀመሰ፤
እጄ ግን ያሳማ ሥጋ ሰባት ወር ዳሰሰ።

ጣርማ በር አናት ላይ፥ ከዋሻው በስተጀርባ፥
መንገድ የሚጠግነው ካምፕ ገና ሲገባ፥
ዘበኛ ተባልሁኝ፤ የመጋዘን ቁልፍ ያዝሁ፤
ሲሚንቶ ልጠብቅ እንጂ ሌላ መች አሰብሁ?

ፒዬሮ የሚሉት ቀጭን ጣልያን ነበረ፤
ሻንጣውን ፈታና ከማገሩ አሰረ፥
የሕፃን ክንድ የሚያህል የታጨቀ አንጀት፥
አሥራ አንዱን በሲባጎ፥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት።
«ይህ ብርድ፥ ይህ ነፋስ ወርቅ ነው» አለ እየሳቀ፤
ለኔ ግን ያ ነፋስ ነው
የጠጂቱን ሳንባ ገብቶ ያደቀቀ።

ከዚያ ሻገተልዎ። ነጭ ዱቄት ለበሰ።
«ጣለው» አልሁት፥ «ተወው፤ ሥጋህ በሰበሰ።»
ሳቀብኝ። «ሻጋታው ዘበኛ ነው» አለኝ፥
«እንዳንተው ካፖርት ለብሶ የሚጠብቅልኝ።»

ደብረ ብርሃን ሲወርድ አደራ ጣለብኝ፤
«አገላብጥ፥ ወልውል፥ እርስ በርሱ አይንካብኝ።»
ጓንት ላይ ጨርቅ ደረብሁ፥ ጨርቁ ላይ ላስቲክ፤
ያውም በሁዳዴ!
በሽሮ እያደርሁኝ፥ ሌሊት እየተነሣሁ፥
እንደ አልጋ ቁራኛ ቀስ ብዬ አገላበጥሁ።

ኃጢአቴ እዚህ ነው፥ አባ።
አንድ ሌሊት ጉሙ በበሩ ሥር ሲገባ
እንስላል ሸተተኝ።
ፍሬው ነው፤ ከሥጋው ጋር አብሮ የታሸው።
ጠጂቱም እንዲሁ
ከደብረ ሲና በታች ከወንዙ ዳር ለቅማ
ቋንጣዋ ላይ ትበትን ነበር፥ ሰፈሩ እያማ።
ዱላዬን አስደግፌ፥ ፋኖሱን አጥፍቼ፥
ያሳማውን አንጀት አሸተትሁ ተጠግቼ።

ቤቴ አንድ ዘለላ አለ፥ እሷ የሰቀለችው፤
ሁለት ዓመት ሆነው፤ አይጥም ያልደፈረችው።
ልብላው ስል ያልቃል፤ ልተወው ስል ይደርቃል፤
ገመድ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይታኘካል?

ፒዬሮን ነገርሁት። ሲጋራውን ረስቶ ዝም አለ።
ቆይቶ፥ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፥
«የኔም እናት ናት» አለ፥ «እጇ ነው የሞላው።
ቶስካና፥ ኅዳር ላይ ሞተች። ሌላ የለም፤
ያለው ይህ ነው። እኔም እስካሁን አልቆረጥሁም።»
ሁለታችንም ቀና ብለን አየን፤
አሥራ አንዱ በነፋሱ ቀስ ብለው ይዞራሉ።

ሥራው አልቆ ሲሄድ አሥሩን ጫነ፤ አንዱን ተወልኝ፤
ብላው አላለኝም። ጠብቀው አለኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው።
ስግደት ቢያዙኝ እሰግዳለሁ፤ ጾም ቢጨምሩ እጾማለሁ፤
ጠበልም ቢሉኝ በዚህ ብርድ እገባለሁ፤
አውርደህ ጣል ብቻ አይበሉኝ።

ልሂድ፥ አባ። ጉሙ ዋሻውን ዘጋው፤
ቁልፉ እኔው ጋ ነው።