ግራ እግር

የጅማ ዝናብ ሲመጣ ደመናውን አያማክርም፤
ደንብ አስከባሪም እንዲሁ፣ ፊሽካ ነፍቶ አይጀምርም።
መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ቆም ይላል መታጠፊያው ላይ፣
ከዚያ ሙዝ ሻጯ ትነሳለች፣ ኋላዋን ሳታይ፣
ከዚያ አንድ ልጅ ያፏጫል፤
ከዚያ መርካቶ ዳሩ ሁሉ ሸራውን ጠቅልሎ ይሮጣል።

የኔ ሸራ ባራቱም ጫፍ ገመድ አለው፤
አንዴ ሳብ ካደረግኩት ከረጢት ነው።
ያስተማረኝ ዱባለ ነው፣ ከሦስት ክረምት በፊት፣
ከዳውሮ መጥቼ መነኻሪያ ባደርኩባት ሌሊት።
ሌላም አስተማረኝ፦ "ጫማ ስትሸጥ አትዘርጋ ጥንዱን፤
ግራ ግራውን አሳይ፣ ደብቅ ቀኝ ቀኙን።
ቢወስዱት ምን ያደርጉታል?
አንድ እግር ጫማ ለማን ይሆናል?"

እኔ ከግራው ጋር፣ ፀሐይና ካፊያ ላይ፤
እሱ ከቀኙ ጋር፣ ሻይ ቤት ጓሮ፣ ጆንያው ላይ።
ገዢ ሲስማማ በጣቴ ቁጥሩን አሳየዋለሁ፤
አራት ጣት፣ ሁለት ጣት፣ እጠብቀዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ስወጣ ከቤት፣
"በቀኝ አውለኝ" አልኩ፣ ቆሜ ደጃፍ ፊት።
ሰማኝ።
አምላክ ቃል በቃል ሰማኝ።

ሙዝ ሻጯ ያን ቀን ታማ ቀርታለች፤
ቦታዋ ላይ አንዲት ድመት ተኝታለች።
ባጃጁ ሳይቆም አለፈ። ቀና ስል፣
አራት የደንብ ልብስ ከበላዬ ቆሟል።
ገመዴን ሳብኩ። አንዱ ረግጦታል።

አየሁት እግሩን፦
ሶሉ የተላቀቀ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
ከአዌቱ ጭቃ ጋር ተጋብቶ የኖረ።
"ጫን!" ተባለ። "ሕገ ወጥ!"
ሠላሳ አንድ ግራ እግር መኪናው ላይ ሲገለበጥ፣
አንዲት ቀይ የሕፃን ጫማ ከክምሩ ሸሽታ ወደቀች፤
ባለሲባጎው ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ወዴት እንደገባች
አላየሁም።

"ከየት ነህ?"
"ከተርጫ በታች።"
"ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?"
ጫማ፣ ልል ነበር። ዝም አልኩ።

ግራው ገባ መጋዘን፤ ግራ ገባኝ እኔ፤
ሠላሳ አንድ ቀኝ ተሰልፎ አደረ ከጎኔ።
በምንከራያት አንድ ክፍል የቀን ሠራተኞቹ ሳቁ፤
የዱቤውን ልክ ስነግራቸው፣
ፊታቸውን አዙረው ካልሲያቸውን አወለቁ።
"ግራውን ያጣ ሰው ቢገኝ" አለ ዱባለ፣
"ለሱ እንሸጥ ነበር።"
"እሱማ ሞልቷል" አለ አንዱ ከጥግ።
ያኔ ማንም አልሳቀም።

ሐሙስ ማታ፣ በዝናብ፣ በሩ ተንኳኳ።
ያ ባለሲባጎ ነው፤ ያለ ደንብ ልብሱ ቀጭን ነው ለካ።
ነዚፍ እባላለሁ አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ፤
ከጃኬቱ ቀይዋን ግራ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።
"ልጄ ሁለት ቀን ባንድ እግሯ ተጫምታ ዞረች፤
'ሌላዋስ?' ትለኛለች። ሌላዋ እናንተ ጋ ቀረች።"

ዱባለ ተነሳ፣ ጆንያው ላይ ቆመ።
"ሠላሳውን አምጣና አንዷን ውሰድ።"
"መጋዘኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ከኔ በላይ ነው" አለ፤
ሲባጎውን እያየ።

ቀይዋን ቀኝ ከጆንያው ሥር አገኘኋት፤
ቁጥር ሃያ አራት፣
እንደ ጫጩት ቀላል።
ብሰጠው፣ ነገ ሸራዬን አይቶ እንዳላየ ያልፍ ይሆናል።
ብሰጠውም ይረግጠኝ ይሆናል።

"ስንት ነው?" አለ።
መንገድ ላይ ጠይቆኝ አያውቅም።
"ሦስት መቶ ሃምሳ።"
"የጥንዱን?"
"የጥንዱን" አልኩት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየን።
ግማሹን ቆጠረልኝ፣ እርጥብ ብር፤
ግማሹ በዱቤ።
ዱባለ ስሙን ጻፈው፣ ከኛ ዕዳ ሥር።

ዓርብ ጠዋት ሸራዬን ዘረጋሁ፤
ሠላሳ ቀኝ እግር ደረደርኩ።
"ሌላው እግርስ?" ሲሉኝ፣
በአገጬ ወደ ቀበሌው አሳያለሁ፤
ገመዱን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ።