ከወርቁ በኋላ

ካርሚኤል ነው፣ ሌሊት፣ ሦስተኛው ፈረቃ፤
ምድጃው ተከፍቶ ወጣ የብረት ዕቃ፣
ከጥፍር የሚያንስ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሹል፣
ወርቅ የተቀባ፣ ሙሽራ የሚመስል።
ነጂብ ከፔኪዒን ትሪውን ዘርግቶ
«አማረ» አለና ሄደ ጓንቱን ትቶ።

እኔ ግን አጉሊው ላይ ዓይኔን ብደቅነው
ያ ልስልሱ ወርቅ ለካ ኪንታሮታም ነው፤
ከምድጃው ሆድ ውስጥ ቀልጦ የበረረ፣
ጠብታ በጠብታ ጉብ ብሎ የቀረ፤
የብረት ፍቅፋቂ እየተሰካበት፣
ግሎ እየተጣበቀ ወርቁን የሚልጥበት።

ባለፈው ሳምንት ከአሽዶድ መለሱት ካርቶን ሙሉ፣
«በዘጠኝ ደቂቃ ጥርሱ ረገፈ» እያሉ።
አምኖን አለቃችን ሽፋኑን ሲራገም
ፋይና መነጽሯን ጠረገች፤ አልቸኮለችም፤
«ሽፋኑ ደህና ነው፣ ጣጣው ከሱ ኋላ» አለች።
አማርኛ ብታውቅ «ያልለፋ ቆዳ ነው» ባለች።

ሦስት ቦታ ከፈልነው።
አንዱን እንደወጣ፣ ከነኪንታሮቱ ተውነው።
አንዱን ፋይና ወስዳ፣ ደቃቅ አሸዋና ውሃ ረጭታ፣
ጠርዙን ለአመል ያህል አዶልዱማ፣ ተወችው ቶሎ ፈትታ።
ሦስተኛው የኔ ነው። መስታወት ይሁን አልሁት፤
እልህ ይዞኝ፣ ፊቴን እስካይበት ፈተግሁት።

ማሽኑ ላይ ታሰሩ፤ ብረቱ ዞረ፤ ሰዓት ያዝን።
ያልታሸው በዘጠኝ ተሸረፈ፤ አላዘንን።
የፋይና አርባ ሁለት ደቂቃ ቆረጠ፣
ፍቅፋቂው እንደ ልጥ እየተጠቀለለ አመለጠ።
የኔ በሰባት ሞተ።
ብመለከት፣ ጠርዙ ላይ ወርቁ የለም፤
አጥንቱ አግጥጧል። ከእጄ በቀር ሌላ ገዳይ የለም።

ሊነጋ ሲል ደወልሁ፣ አፉላ፣ አባቴ ዘንድ፤
ቢላ ስሎ ሲያበቃ አንዴ እየጎተተ በግንድ
«ትዕቢቱን ላስተንፍሰው» ይል የነበረው፣
አዛናው። ጃናሞራ ቀን ማረሻ የሚያሠሩት፣
ሲመሽ «ዓይኑ ይበላል» ብለው የሚሸሹት።

«ስንት ጊዜ አሸሽው?»
«አልቆጠርሁም።»
«እሱ ነዋ» አለ። ሳለ። ስልኩን አልዘጋም።

የሱ ስለት ኢየሩሳሌም ነበር፤ በእግሩ ሄዶ ደረሰ።
የኔ ስለት በደቂቃ ነው የሚለካ፤ ዛሬ ሰባት ላይ ፈረሰ።

ፋይና አዲስ ትሪ ሰጠችኝ፣
«ሠላሳ ሰከንድ» አለችኝ።
አንድ፣ ሁለት ብዬ ጀመርሁ፤
ሃያ ዘጠኝ ላይ እጄን በላኝ።