ነጠላ ጫማ

ፖ ከሚሉት ወንዝ ዳር፣ ከቦሬቶ ማዶ፣
ዓመት የከረመ የአሳማ ጋጣ ባዶ፤
ጉርዲያል ላም አልቦ በቆጠበው ገዛው፣
ግድግዳውን አጥቦ ብርቱካናማ ቀባው።

እኔ ከአይብ ፋብሪካው ወለል አጣቢ ነኝ፤
ቅዳሜ ስንወጣ ሚስቱ ባልጂንደር "ነዪ" ብላ ጎተተችኝ።
"ጫማሽን አውልቂ።" ይሄን መች አጣሁት፣
ከደጀ ሰላም ላይ ስንት ዘመን አወለቅሁት።

ውስጡ ሞቅ ያለ ነው። የቅቤ፣ የድርቆሽ ጠረን፤
አሳማውም ገና ከግንቡ አልወጣም፣ እውነቱን እናውራ ካልን።
ባባ ሎሃር ናት በሥዕል ተቀምጧል፣
በግራ ጭኑ እባብ፣ በቀኙ ጣዎስ ይዟል፤
ከኋላው ነብር አለ፣ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ፣
የሌሊት ዘበኛ፣ ፈረቃው ያልነጋ።

ይሄንንም አውቃለሁ። በእናቴ ጓዳ፣ ከአቦ ሥዕል ጋራ፣
ስልሳ አንበሳ፣ ስልሳ ነብር፣ አድሬያለሁ በጋራ።

ባልጂንደር ትፈታለች፦ "እባቡ ቁጣ ነው፣ ከሁላችን ሆድ የሚገኝ፤
ጣዎስ መርዝ ይውጥና ቀለም ያደርገዋል፣ እናቴ እንዳስረዳችኝ፤
ነብሩ ደግሞ..." ብላ ጣቷን ወደ ላይ ስታወጣ፣
ጉርዲያል ሳቀባት፤
"ነብር ነው። ነብር ምን ትርጉም አለው ከመጣ?"

ከሥዕሉ ግርጌ፣ በቀይ ግምጃ ላይ፣ የባባ ጉጠት፣
ለደጅ ጠኚ ሁሉ ፍም ያደለበት፤
ከጎኑ ቅል አለ፣ አንገቱ የተሰበረ፣
በመዳብ ሽቦ የታሰረ።
ከሁሉ በላይ ግን ጥንድ የእንጨት ነጠላ ጫማ፣
ጠፍር አልባ፣ በአውራ ጣት የሚጨበጥ፣ ጥቁር እንደ ጨለማ፤
የጉርዲያል አባት በሹራብ ጠቅልሎ በሻንጣ ያመጣው፣
በአየር ማረፊያ "ምንድነው?" ሲሉት "የአባቴ ነው" ያለው።
ባባ ያረፈ ለት፣ ይላሉ፣ ሬሳው አልተገኘም፤
ጫማው ብቻ ነበር ደጁ ላይ፤ ሞቆ ነበር፤ ሦስት ቀን አልቀዘቀዘም።

በኅዳር ዝናቡ አላባራ ብሎ ፖ ግድቡን ዘለለ፤
መብራት ጠፋ፤ ደወል ጮኸ፤ ከብቱ በረት ውስጥ ዋለለ።
ባልጂንደር "ጫማውስ?" ብላ ስትጮህ በጨለማ፣
ጉርዲያል ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ መልሱ ብቻ ይሰማ፦
"ባባ መራመድ ያውቃል!
ጥጃው ግን ታስሯል!"

ውሃው ሲጎድል ጋጣው ጭቃ ጠጥቶ አበጠ።
ጣዎሱ ቀለሙን ለቆ እባቡ ውስጥ ሰረጠ፤
ነብሩ እንደነበረ ያዛጋል።
ጉጠቱ ከደለል ወጣ፤ ቅሉ የት እንደሄደ ማን ያውቃል?
አንዱ ጫማ ተገኘ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ተሰቅሎ፤
ሌላው ወደ ባሕር ሄደ፣ መንገዱን ቀጥሎ።
ያኔ ነው "ነጠላ ጫማ" የሚለው ቃል የገባኝ፣
ስንት ዓመት ተጫምቼው ትርጉሙን ሳይነግረኝ።

"ተክለ ሃይማኖትም፣" አልኳት፣ "በአንድ እግር ነው የቆሙት፣ ሌላው ሲሰበር።"
"ታዲያ እንዴት ሄዱ?"
"ክንፍ ተሰጣቸው።"
አሰበች ጥቂት። ጭቃውን መጥረግ ቀጠለች።
"የኛው ገና አልተሰጠውም።"

ጫማውን ከዛፍ ያወረደው ኤርኮሌ ነው፣ ሽማግሌው፣
ይህን ጋጣ የሸጠው፣
ቤተ ክርስቲያን ለቀብር ካልሆነ የማይታየው።
ከሁለት ሳምንት በኋላ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ፤
ከወንዝ ዳር ዛፍ የጠረበውን ነጭ ጫማ አወጣ።
ከጥቁሩ ይሰፋል። "በማን እግር ለካህ?" አሉት።
"በራሴ" አለ፣ ጆሮው ቀልቶ ሲያዩት።

ባልጂንደር ገለበጠችው። ከተረከዙ ሥር፣ የጥፍር ያህል፣
ትንሽ አሳማ ተቀርጾበታል፣ ጅራቱ ጥቅል።
"ይሄስ ምን ማለት ነው?"
ጉርዲያል ግንቡን አሸተተ፤
"ባለቤቱ ነዋ" አለና ከጥቁሩ ጎን ግምጃው ውስጥ ከተተ።

እኔ ወጣሁ። የጎማ ቦቴን ሳጠልቅ ከደጃፉ፣
ውርጭ ነበር፣ በረዶ ያገጠጠ በአጥሩ ጫፉ፤
ቦቴ ግን ሞቋል።
ድመት ተኝታበት ይሆናል።