የፈሪዱን ጣት

ሳይነጋ በጋዚያንቴፕ፣ ምድጃው ቀድሞት ነቅቷል፤
ሊጡ በፈሪዱን መዳፍ፣ እንደ ነጠላ ሳስቷል።
ሠላሳ ዓመት የሰው ሠርግ፣ በባቅላባው ሲጥም ኖሮ፣
ሐኪሙ «ከጣፋጭ፣ ከዳቦ ራቅ» አለው፣ ሚዛን አይቶ፣ ደም መርምሮ።

የስኳሩ ውሃ ሲንተከተክ፣ ይጠራዋል በስሙ፤
«ነከር አርጋት አንዲት ጣት፣ ምን ይላል ታዲያ ዓለሙ?»
ዛር እንኳ ምሱን ቢያገኝ፣ ይከርማል ጸጥ ብሎ፤
ይሄ ግን በቀመሰ ማግስት፣ ይመጣል ወንድም አስከትሎ።

ትናንት ጣቱ በስኳር ርሶ፣ ከንፈሩ ደጃፍ ደረሰ፤
ቆመ፣
ቆመና በሽርጡ ጫፍ፣ እንደ እንባ ቀስ ብሎ አበሰ።

ዛሬ ቀበቶው ላይ በምስማር፣ አንድ ቀዳዳ ጨመረ፤
ያ ያልላሰው ጣቱ ገብቶ፣ የሆዱን መጉደል መሰከረ።

ድስቱ ግን አሁንም ይንተከተካል፦
«ፈሪዱን... ፈሪዱን...»