ያልጠየቅሁት ጥያቄ

በቺሌ ግርጌ፣ በቺሎዌ ደሴት፣
ዝናብ ሰማዩን ርስት ባደረገበት፣
አሥራ ሦስት ልጆች፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቤት፤
ምድጃው ዙሪያውን ካልሲ ተሰጥቶበት
ሱፍ ሱፍ እየሸተተ የምንማርበት።

እኔ ነበርኩ፣ እኔ፣ ቁልፉን የያዝኩት፣
የመጻሕፍቱን ሣጥን ጥርቅም ያደረግኩት።
ዓርብ ዓርብ ከፍቼ፣ አንዳንድ አድዬ፣
ተከትሎ ይመጣል አሥሩ ጥያቄዬ፦
«ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው? ምን አስተማረህ?
ገጽ ስምንት ላይ ስንት ግስ አገኘህ?»
ልጆቹም ብልሆች፣ መላ መቼ አጡ፤
ጀርባውን ያነባሉ ውስጡን ሳይገልጡ።

ሬሚሂዮ ነበር ከሁሉ የባሰው፣
ማለዳውን በዛጎል ለቀማ የሚጨርሰው፤
መጽሐፍ ስሰጠው፣ እንደ ሞተ ዓሣ
በሁለት ጣት ይይዛል፣ ፊቱ ሁሉ አበሳ።

አንድ ቀን በነሐሴ ማዕበሉ በርትቶ፣
ጀልባው ሳይመጣ ቀረ፣ መብራትም ጠፍቶ።
ሣጥኑን ከፈትኩት፤ ሌላ ምን አለኝ?
«የፈለጋችሁትን» አልኩ፣ «ምንም አትንገሩኝ።»
እኔም ለራሴ አንድ መዘዝኩ፣ ቁጭ አልኩ፤
ከስንት ዓመት በኋላ ለደስታ አነበብኩ።

መጀመሪያ ጫጫታ። መገፋፋት። ሳል።
ኤድሊያ ትንሿ ገልብጣ ይዛዋለች፤
ከሥዕል ወደ ሥዕል እንደ ፌንጣ ትዘላለች።
ዝም አልኩ። ቀስ በቀስ ጫጫታው ሰከነ፣
ከጣራው ዝናብ በቀር ድምፅ ሁሉ መነነ።

ድንገት ከማዕዘን ፈነዳ አንድ ሳቅ፤
ሬሚሂዮ ነው፣ ትከሻው ሲነቃነቅ።
እርጥበት ያጣበቀው አሮጌ መጽሐፍ፣
ስለ አንዲት ፍየል ነው፣ ጀልባ ስለምትቀዝፍ።
የተጣበቀውን ገጽ፣ እንደ ዛጎል አፍ፣
በአውራ ጣቱ ጥፍር ይከፍታል ጫፍ ጫፍ።

አፌ ላይ መጣልኝ የልማድ ጥያቄ፦
«ምን ተማርክ?» ልለው ነው፤ ዋጥኩት ከነምራቄ።
ፍየሏ ትቅዘፍ፣ ምን አገባኝ ዛሬ?
ሳቅ ከመቶ አይታረም በቀዩ ብዕሬ።

በነጋታው ጀልባው ጥሩምባ ሲነፋ
አሥራ ሁለት ልጅ ሮጠ፤ አንዱ ጠፋ።
ከማገዶው ኋላ አገኘሁት ተቀምጦ፣
ጫማውን ግራና ቀኝ አለዋውጦ፣
ዓይኑን ሳያነሣ፦
«ትንሽ ነው፣ መምህርት፣ ባለ ጀልባው ይታገሥ፤
ፍየሏ ማዕበል ላይ ናት፣ ወደብ እስክትደርስ።»

ዶን ኡልዳሪሲዮ እያጉረመረመ፣
ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆመ።
በሳምንቱ ግን መጥቶ፣ ጆሮዬ ላይ፣ በሹክሹክታ፦
«ፍየሏስ፣ ደረሰች? ወይስ ማዕበሉ ረታ?»

አልነገርኩትም። «ሣጥኑ ክፍት ነው» አልኩት።