የግራ እግሯ

እሑድ ማለዳ ነው፤ አቶቴ ተኝታለች፣
ሞተሬ ግን ነቅታ ታንጠባጥባለች።
በቢራ ሣጥን ላይ ሆዷን አስደግፌ
የፊት ጎማ ፈታሁ፣ እጅጌዬን አጥፌ።
የግራ እግሯ ነው።
ከትናንት ወዲያ፣ ከቱላ ስመለስ፣
አንዲት ጠብታ ነበረች፣ በጣት የምትዳሰስ፤
ዛሬ ግን መስመር ይዛ፣ ኒኬሉን አዳርሳ፣
ፍሬኑ ጋ ደርሳለች፣ አቧራ ለውሳ።

ጎረቤቴ ዱካሞ ጥርሱን እየፋቀ
«አለቀሰች?» አለኝ፣ ባጥር ላይ እየሳቀ።
«አሥር ቁጥር ዘይት ነው፤ ያለቀስኩስ እኔ ነኝ፣
ላንድ ጥንድ ፓራሊዮ ሁለት ሺህ ብር ሲሉኝ።
እሱም እስከ ዓርብ የለም።»

ዓርብ ለኔ ሩቅ ነው። ሰኞ በጠዋቱ
ከኋላዬ ታስሮ የከብት ክትባቱ
በዚያ ኮረኮንች ላይ ስንነጥር፣ ስንጋጭ፣
ብልቃጡ ከነበረዶው በሣጥኑ ጥርሱን ሲያፋጭ፣
ዘይት የጎደለው ሾክ ለብልቃጥ አይራራም፣
አባ ሰንጋም ቢሆን ቀጠሮን አይፈራም።

ዱካሞ አጥር ዘሎ መጣና ቁጢጥ አለ፤
አቧራ መከላከያውን በጥፍሩ ገልጦ አስተዋለ።
«አልተቀደደም» አለኝ፤ «እንደ ሰው ከንፈር ነው፣
ቅንጣት አሸዋ ገብታ አልገጥም ያለው።
ቀጭን ነገር ፈልግ፤ የማይቀደድ፣ የማይጭር፣
እንደ ካርድ ያለ፣ ግን ከካርድ የሚሳሳ ነገር።»

ቤት ገባሁ።
የሞባይል ካርድ ሞከርኩ፤ ወፍራም።
የመድኃኒት ማሸጊያ፤ ጫፉ ስለት ነው፣ ይጭራል።
ያባቴ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ዝገት የበላው፣
ከቁም ሣጥን ላይ ነበር፣ ዐሥር ዓመት ማንም ያልነካው።

አባቴ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ካሜራ አንጠልጥሎ፣
ሰው ሲያነሣ ኖሯል፣ «ፈገግ፣ ፈገግ በሉ» ብሎ።
ቀብድ ከፍለው ያልተመለሱ ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣
ከአባ ኮዳ ጎን የቆሙ፣ ሱፍ የተዋሱ ጎረምሶች፤
ነጋቲቭ ላይ ሐይቁ ጠቁሮ፣ ጠጉር ሁሉ ሸብቶ፣
ሰው በሃያ ዓመቱ አርጅቶ፣ ካንድ ቆርቆሮ ገብቶ።

የትኛውን ልቁረጥ?
ሙሽራዋን? ነውር ነው። ልጇ አድጎ ቢመጣ?
ያን ወታደር? ከዚህ ሌላ መልክ ቢያጣ?
መጨረሻ ላይ አገኘሁ የራሴን፤ የሰባት ዓመት ልጅ፣
በሰው ሞተር ላይ ጉብ ብሎ፣ መሪ ለመጨበጥ ያጠረ እጅ።
ይሄ የኔ ነው፤ ማንንም አላስፈቅድበትም።
ወገቤ ላይ ቆረጥኩት። አላመመኝም።

ጫፉን እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ውስጥ ቀረጽኩት፣
በኒኬሉና በከንፈሩ መሐል ቀስ ብዬ አስገባሁት፤
ዞርኩ፤ ሳብኩ፤ ዞርኩ፤
ጥቁር ጭቃ ወጣ፣ የቱላ፣ የይርባ፣ የለኩ፤
ከዚያ አንዲት ቅንጣት፣ ከስኳር የማትበልጥ፣
ሁለት ሺህ ብር የምታወጣ፣ ጥፍሬ ላይ ስትገለጥ።

የጎደለውን ዘይት በከብት ስሪንጅ ለክተን
ባናቷ ሰጠናት፣ «ተከተበች» ብለን ስቀን።
ፍሬኑን በቤንዚን አጥቤ፣ ጎማውን መልሼ ሳስርላት፣
ዱካሞ መሪዋን ይዞ በደረቱ ተጫናት።
ዝቅ አለች፤ ተመለሰች።
ሃያ ጊዜ። ሠላሳ። የግራ እግሯ ደረቅ ነው።
«እስከ መቼ ይቆያል?» ብዬ ብጠይቀው
«እስኪያፈስ» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ከወገብ በላይ ያለው ልጅ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ።
ከወገብ በታች ያለው፣ ዘይት የቀመሰ፣
ከመቀመጫዋ ሥር፣ ከመፍቻ ጋር ነው፤
ነገ ሰኞ ነው፣ ኮረኮንቹም ያው ነው።