ቁልፍ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ማቶዚኞሽ ስትተኛ፣
እኔ ነበርኩ ያኔ የምድጃው ዘበኛ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስኳር አቀለጥኩኝ፣
በእንቁላል አስኳል ላይ ቀረፋ ነሰነስኩኝ።
ያማረው ለመስኮቱ፣ የተሰበረው ለኔ፣
ቁርሴም ሆነ ምሳዬ እሱ ነበር ያኔ።
እንቅልፌ እሁድ ነበር፣ ያውም በወንበር፣
ጥማቴን የሚያውቀው ቀይ ወይን ነበር።

ጡረታ ወጣሁ። በሦስተኛው ጥር፣ ጉም ከባሕር ሲወጣ፣
ነቃሁ፤ ጣቴ ግን ከኔ ቀድሞ ተቆጣ።
ቀላ፣ ጋለ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ አለና ተነፋ፣
ሸሚዜን ልቆልፍ ብል ጉልበቱ ጠፋ።
ሌዎፖልዲና መጣች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣
እኔ ጣራ ጣራውን፣ ፊቷን ላለማየት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ዮላንዳ ትባላለች፣
የደሜን ወረቀት ገልብጣ አየች፣
«ሃያ ሦስት» አለች።
«ከአምስት ባይዘል ነበር፣ አዴሪቶ፣ ደጉ።»
(ይህን ያህል ፊደል ቆጥሬ አላውቅም፣ ቁጥር ግን ይገባኛል፤ ግራም ነው ማዕረጉ።)
«ቁጣ ደግ ዘበኛ ነው፣ ሌባ ሲመጣ፤
ያንተው ሌባ አጥቶ በቤተሰቡ ተቆጣ።
መድኃኒቱን ዋጥ፣ አታቋርጥ፤ ግን ክኒን ብቻውን አያስታርቅም፣
ሽማግሌ ላክበት፤ ቁጡ ሰው ያለ ሽማግሌ አይለዝብም።»
ሳቅኩኝ። ሽማግሌስ እኔ፣ ስድሳ ስምንት የሞላኝ!
ማንን ልላክ ታዲያ፣ ወደ ራሴ፣ ማን አለኝ?

ዓሣ ሻጯ ዙልሚራ ወሬውን ሰምታ፣
ሰርዲን ጠቀለለች በጋዜጣ፣ በማታ፦
«ሠላሳ ዓመት ስኳር አበላኸኝ፤ ዛሬ የኔ ተራ።»
ከጎኑ ጎመን፣ ባቄላ፣ ዘይት ከወይራ።

አይጣፍጥም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?
ጎመኑን ገፍቼ እንደ ልጅ አኮርፋለሁ።
አንድ ሌሊት ተነሥቼ ቁም ሣጥን ፈተሽኩ፣
በገዛ ቤቴ ሌባ፣ ቀረፋ እያሸተትኩ።
ጠዋት ጠዋት በባሕሩ ግንብ፣ በንፋሱ፣
መጀመሪያ እስከ ክሬኑ፣ በኋላ እስከ ቀዩ ፋኖሱ።
ከሁሉ ግን እንቅልፍ! ዘጠኝ ሲል ገላዬ ይነቃል፤
ምድጃው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ፣ እሱ ግን መች ያውቃል?

ደግሞ በሰኔ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ምሽት፣ ከተማው ሲጨፍር፣
የወረቀት ፋኖስ ከነእሳቱ ሽቅብ ሲበር፣
አንድ ኬክ አልኩ፣ ሁለት አልኩ፤ ከስድስት ወዲያ አልቆጠርኩም፤
ጣፈጠኝ። ዛሬም ቢሆን አልጣፈጠኝም አልልም።
በማግስቱ ጉልበቴ ሰደበኝ፣ ቁርጭምጭሚቴ ዘጋብኝ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ወንበሬ ላይ ፈረደብኝ።
ዮላንዳ አልተቆጣችም፤ በቤቱ ቁጣ ሞልቶ የለ።
«እርቅ ባንድ ቀን አያልቅም» አለች፣ «ነገም ደግሞ አለ።»

በኅዳር ወረቀቱ መጣ፦ ዘጠኝ። አምስት አይደለም።
የግራ አውራ ጣቴ እንደ ጠመመ ነው፣ አይቃናም ለዘለዓለም።
ዙልሚራ «ሰርዲኔ ነው» ትላለች፣ ዮላንዳ «መድኃኒቱም ጭምር»፣
እኔ እንቅልፉን እጠረጥራለሁ፤ ማን ያውቃል ምሥጢር።

ዛሬ ማለዳ ግን፣ ጉም ከባሕር ሲወጣ፣
ሌዎፖልዲና እንደ ልማዷ ሸሚዜን ይዛ ስትመጣ፣
«ተይው፣ ልሞክር» አልኳት። እጇን አጣምራ ቆመች።
የታችኛው ገባ። ቀጣዩ ሾለከ፣ ተመልሶ ገባ። ምንም አላለች።
ሦስተኛው ላብ አስወጣኝ፤ አራተኛው ቀለል አለ፤
የአንገቱ እምቢ ሲለኝ፣ ያ እጇ ቀድሞኝ ከተፍ አለ።
በዚህ ጊዜ ጣራውን ትቼ ፊቷን አየሁት፣
አራት ቁልፍ ቆልፌ፣ በሩን ከፈትኩት።